ኤድመንድስ ልንገባ ነው፤ እዚያ ሰው ምን ሲያደርግ ይውላል?

ጠያቂዋ፣ ከቦሳ አዲስ

ሰላም የጅማ ልጆች፣ አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ። ባለቤቴ ሲያትል አጠገብ ኤድመንድስ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤት ተከራይቷል። እኔና ልጆቹ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንሄዳለን። ሴቷ 11 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 7። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ኢንሹራንስ ያልመከረኝ ሰው የለም። አንድ ነገር ግን የነገረኝ አላገኘሁም። እዚያ ሰው ቅዳሜና እሁድ ምን ያደርጋል? ባለቤቴን ስጠይቀው «ጸጥ ያለ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔን ደግሞ የሚያስፈራኝ ጸጥታው ነው። ከቤቴ ወጥቼ አጂፕ እስክደርስ ከአስር ሰው ጋር የምሳሳም ሴት ነኝ። ባህር አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ትልቅ ውሃ ቦዬ ነው። እናቴ «ልጄ ባህር ዳር ልትኖር ነው» ብላ አውርታ፣ ግማሹ ጎረቤት ጎጃም የምገባ መስሎታል።

መላሽ፣ 11 ዓመት እዚያው አካባቢ የኖረች፣ አሁን ለእረፍት ጅማ ያለች

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የእናትሽን ነገር አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ። ያለሁት ፈረንጅ አራዳ ካፌ ውስጥ ነው፤ ውጭ ዝናቡን ይዘረግፈዋል። እንግዲያው ከዝናቡ ልጀምር፤ ሁሉም ሰው ሲያትልን በዝናብ ያስፈራራልና። እመኚኝ፣ ጅማ ይበልጣል። እዚያ በዓመት የሚዘንበው 950 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የኛ 1,500 አካባቢ ይደርሳል። የሚለየው አወራረዱ ነው። የኛ መጥቶ ደብድቦ ይሄድና ፀሐይ ትወጣለች። የነሱ ከጥቅምት ጀምሮ ሲያካፋ ይከርማል።

ወቅቱም የተገለበጠ ነው። እኛ ሐምሌና ነሐሴን በጭቃ ስንታሽ፣ እዚያ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሣሩ ደርቆ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ በደህና ጊዜ ነው የምትደርሺው። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10 ገደማ ነው። አልተሳሳትኩም፣ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ። ልጆችሽ «ገና አልመሸም» እያሉ አይተኙልሽም። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ሲሆን ይጨልማል። ይህን አሁኑኑ እወቂው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ኤድመንድስ ምንም የለም» የሚሉሽ ሰዎች ቅዳሜ ከረፋዱ ተነስተው፣ መኪና ውስጥ ገብተው «የት እንሂድ?» የሚሉት ናቸው። እኔም ሁለት ዓመት እንደዚያ ነበርኩ። እዚያ ቀኑን የሚያዘው ባህሩ ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ከፍ ባለበትና ዝቅ ባለበት መካከል ከ3 ሜትር በላይ ልዩነት የሚኖርባቸው ቀናት አሉ። ይህን ማን ይንገረኝ? በመጀመሪያው በጋ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ሰፊ አሸዋ አገኘን፣ ጋቢ አነጠፍን። ድፎውን፣ የቡናውን ፔርሙዝና ጫማችንን አስቀምጠን ወደ ድንጋዮቹ ሄድን። ስንመለስ አሸዋው የለም። ጋቢው ውሃ ላይ ተንሳፏል። ድፎውን ነጫጭ የባህር ወፎች እየተሻሙበት ነው። የባለቤቴ ግራ ጫማ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አዝኖልን ስልኩን አውጥቶ የባህሩን ሰንጠረዥ አሳየን። የየቀኑ ሰዓትና ከፍታ በደቂቃ ተጽፏል፤ በነጻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰንጠረዡ ውጭ ቀጠሮ አልይዝም።

ደስ የሚለው ነገር፣ በበጋ ውሃው በጣም የሚሸሸው በቀን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው። ያን ቀን ልጆቹን ቦት ጫማ አልብሰሽ ብራኬትስ ላንዲንግ ውረጂ። መርከቡ ከሚነሳበት አጠገብ ያለው ዳርቻ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ኮከብ ዓሣ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ታያላችሁ። አበባ የሚመስል ግን እንስሳ የሆነ ነገር አለ፤ በጣት ጫፍ ሲነኩት ይኮማተራል። ድንጋይ ቀስ ብላችሁ ስታነሱ ትንንሽ ሸርጣኖች ይተራመሳሉ። ድንጋዩን እንደነበረው መልሱት። ምንም ነገር ወደ ቤት መውሰድ አይቻልም፤ ቦታው ከ1970 ጀምሮ የተከለለ የውሃ ውስጥ ፓርክ ነው። ጠላቂዎች ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ሲገቡና ሲወጡ የሚያየው ወንዱ ልጅሽ ምሳውን ይረሳል። የኔው እንደዚያ ነበር።

ሲል (seal) የሚባል የባህር እንስሳ ደግሞ አለ። እናቲቱ ግልገሏን አሸዋ ላይ ትታ ዓሣ ፍለጋ ትሄዳለች። ልጆች አዝነው ውሃ ሊያፈሱበት ወይም ሊያቅፉት ይሮጣሉ። እንዳያደርጉት። 90 ሜትር ያህል መራቅ ነው የሚመከረው፤ ሰው ከከበበው እናቱ ላትመለስ ትችላለች።

መርከቡን ደግሞ እንዳታልፉት። ከኤድመንድስ ኪንግስተን የምትባል ከተማ ይሻገራል፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መኪናችሁን ትታችሁ በእግር ግቡ። በመኪና ከሆነ ሲሄዱም ሲመለሱም ይከፈላል፤ በበጋ ሰልፉም አሰልቺ ነው። በእግር ግን የሚከፈለው ከኤድመንድስ ሲነሱ ብቻ ነው፣ ከኪንግስተን መመለሻው ነጻ ነው። ከ18 ዓመት በታችና 18 የሆናቸው በሁለቱም አቅጣጫ በነጻ ይሳፈራሉ። እኔ ኪንግስተን ላይ ምንም ጉዳይ የለኝም። ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። መርከቡ ላይ ነፋሱ ፊትሽን ሲመታሽ፣ በአንድ በኩል በረዶ የለበሱት ተራሮች፣ በሌላው ከተማዋ። ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ ቆመሽ ጅማን ወደ ታች ስታዪ የሚሰማሽ ዓይነት ነው።

መዋኘቱን ግን እርሺው። ውሃው በጋም ክረምትም ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ነው፤ ሰውነትን በደቂቃዎች ያደነዝዛል። ፈረንጆቹ ሲገቡ አይታችሁ አትታለሉ። ልጆቹን መጀመሪያ ዮስት ፓርክ ያለው የሕዝብ ገንዳ ዋና አስተምሪያቸው፤ በበጋ ይከፈታል። ባህር አጠገብ እየኖሩ ዋና አለማወቅ፣ መንቲና እየኖሩ ባጃጅ አለማወቅ ማለት ነው።

የሂርማታው ልጅ፣ ኤድመንድስ አጠገብ ሊንዉድ 6 ዓመት ኖሮ የተመለሰ

አሰላሙ አለይኩም ጅማዎች። እህታችን ሁሉን ተናግራ ዋናውን ዘለለችው። ዓሣውስ? ኤድመንድስ ወደ ባህሩ የተዘረጋ ረጅም የማጥመጃ መድረክ አለ፤ መግቢያ አይከፈልበትም። እኔ ከሥራ ስወጣ እዚያ ነበርኩ። ፊሊፒኖው፣ ቬትናሙ፣ ሩሲያው፣ ሁሉም መንጠቆውን ጥሎ ያወራል። እንግሊዝኛዬ የተስተካከለው ክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚያ ነው።

ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ፈቃድ አያወጣም፣ ትልቅ ሰው ያወጣል። ሸርጣን ለማጥመድ ደግሞ ልጅም ቢሆን መመዝገቢያ ካርድ መያዝ አለበት። ደንጀነስ የሚባለው ሸርጣን የሚያዘው ወንዱ ብቻ ነው፤ የጀርባው ስፋት 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሙላት አለበት። ማስመሪያ የሚመስል መለኪያ ይሸጣል። ካልሞላ ወደ ውሃው። የሚፈቀድበት ቀን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ከመውጣታችሁ በፊት እዩት። በሰኔ አንድ ቅዳሜና እሁድ ዓሣ ያለ ፈቃድ ማጥመድ የሚቻልበት አለ። ለመሞከር እሱን ተጠቀሙበት።

ጎረቤቴ የነበረ አንድ የጅማ ልጅ ሸርጣን አይበላም ነበር፤ ማጥመዱን ግን ከኔ በላይ ይወደዋል። የያዘውን ለቬትናሞቹ ይሰጣል፣ እነሱ ዓሣ ይሰጡታል። ዓሣውን ወጥ ሰርቶ ይጠራኛል።

ሌላ፣ ከሲያትል ደቡብ የምትኖር

እኔ ግን እውነቱን ልናገር። ኤድመንድስ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ጥዬ ወጣሁ። ኮከብ ዓሣው ቆንጆ ነው። ነገር ግን ወልጄ ስተኛ አንድ ሰው በሬን አላንኳኳም። ገንፎ ያመጣልኝ የለም። አበሻው ያለው ወደ ደቡብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ እንጀራውም። ጥሬ ሥጋ አማረኝ ብዬ አንድ ሰዓት ነድቻለሁ። ኪራዩም ውድ ነው። እህቴ፣ የምትሳሳሚው ሰው የለም። ይህን ሳትሰሚ እንዳትሄጂ።

መላሽ፣ ፈረንጅ አራዳ

የኔ እናት፣ ልክ ነሽ። ያለ ቀጠሮ የሚመጣ ሰው የለም። እኔም የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ አጥሚቱን ራሴ ነው የሠራሁት። ትንሽ የተለወጠ ነገር ግን አለ። ቀላሉ ባቡር ከነሐሴ 2024 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሊንዉድ ድረስ ይመጣል። ከኤድመንድስ ሊንዉድ አውቶቡስ አለ። ልጆች አውቶቡሱንም ባቡሩንም አይከፍሉም። እሁድ ወደ ደቡብ መውረድ እንደ ድሮው አይከብድም።

እኔን ያዳነኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ካልመጣ እኔ ቀን ልቁረጥ ብዬ ቡናዬን ባህር ዳር አወጣሁት። እዚያው አካባቢ ያሉ ሦስት አበሾችን ከገበያ፣ ከትምህርት ቤት በር ላይ ለቃቀምኩ። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ውሃው በጣም የሚሸሽበት ቀን እንገናኛለን። ቡናውን ቤት አፍልቼ በፔርሙዝ አመጣለሁ፤ በነገራችን ላይ ቤት ውስጥ ቡና ስትቆዪ ጭሱ አላርሙን ስለሚያስጮኸው መስኮት ክፈቺ። አንዷ ቆሎ፣ አንዷ አምባሻ። ልጆቹ ድንጋይ ሥር ይርመሰመሳሉ። ባህሩ የሚሸሸው ጨረቃን እየተከተለ ስለሆነ ቀናችንን የምትቆርጥልን ጨረቃ ናት። ከመካከላችን አንዷ ሙስሊም ናት። «ረመዳኔም በጨረቃ፣ ቡናዬም በጨረቃ ሆነ» እያለች ታስቀናለች። አሁን ስምንት ቤተሰብ ደርሰናል። የደቡቧ እህቴ፣ አንቺም ነይ፤ ዘግይቶ ነው እንጂ ገንፎው አለ።

ጠያቂዋ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እውነቱን የነገረችኝን በተለይ። ታኅሣሥስ? 10 ሰዓት ላይ ሲጨልም ምን ይውጠኛል?

መላሽ፣ ፈረንጅ አራዳ

እመለስበታለሁ ያልኩት ይኼን ነው። ክረምቱ ይከብዳል፣ አላሞኝሽም። መፍትሔው ከሰዓትን አለመጠበቅ ነው፤ ብርሃን እያለ ጠዋት መውጣት። ኅዳር ላይ ካርኪክ ፓርክ ውሰጃቸው፣ ከናንተ ወደ ደቡብ ቅርብ ነው። ሳልመን የሚባለው ዓሣ ከባህር ተነስቶ፣ አዌቱን በምታክል ትንሽ ወንዝ፣ ሽቅብ እየታገለ ወደ ተፈለፈለበት ይመለሳል። እንቁላሉን ጥሎ እዚያው ይሞታል። ሴት ልጄ ያን ቀን አይታ ማታ «አንቺስ ጅማ መቼ ትመለሻለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ትኬት ቆረጥኩ። ይኸው አለሁ።

ሜዶዴል የሚባልም ፓርክ አለ፣ ደን ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ባህሩ ላይ ያወጣል። ዝናብ ቢሆንም ይኬዳል። ጃንጥላ ተዪው፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ግዢ። ቤተ መጻሕፍቱ ነጻ ነው፣ የልጆች ተረት ሰዓትም አለው። ሰኔ ላይ ደግሞ የከተማዋ የሥነ ጥበብ ፌስቲቫል አለ፣ ከ1957 ጀምሮ የሚካሄድ። ዘንድሮ አያደርስሽም፣ ለሚቀጥለው።

ጠያቂዋ

እሺ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ሻንጣችን ሞልቷል። ማር ይዣለሁ፣ ቡና ይዣለሁ። እናቴ የጅማ በርጩማዋን ካልወሰድሽ አለችኝ። ባለቤቴ «አሜሪካ ወንበር ጠፍቶ ነው?» እያለ ይስቃል። ልተዋት?

የሂርማታው ልጅ

ማሩንም ቡናውንም ስትገቢ ሲጠይቁሽ ተናገሪ፤ ጣጣው ያለው በደበቁት ላይ ነው። በርጩማዋን አትተያት።

መላሽ፣ ፈረንጅ አራዳ

በርጩማዋን ውሰጂ። ፈረንጆቹ ባህር ዳር የሚያመጡት የሚታጠፍ ወንበር አራት እግር ነው፤ ድንጋዩ ላይ አንዱ እግር ሁልጊዜ ይንገዳገዳል። የኛዋ ሦስት እግር ናት፣ የትም ብታስቀምጪያት ትቆማለች። እኔ የወሰድኳት ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ነች፣ ዘጠኝ ዓመት ባህር ዳር ተቀምጬባታለሁ፣ ጨው አንጽቷታል። ውሃው መመለስ ሲጀምር ግን ጫማሽን ሳይሆን እሷን አስቀድመሽ አንሺ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ እመለሳለሁ። ሰንጠረዡን አይቼ ቀኑን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ቆሎ ያንቺ ተራ ነው።