በሞተር ሳይክሌ ላይ የመጀመሪያውን ሳይድካር ለመግጠም

ጥያቄ፦ የጅማ ነዋሪ ነኝ። በ150 ሲሲ ሞተር ሳይክሌ ላይ ባለቤቴንና የቡና ጆንያ ወደ አጋሮ የማመላልስበት ሳይድካር (ከሞተሩ ጎን የሚታሰር ባለ አንድ ጎማ መጫኛ) ማስገጠም እፈልጋለሁ፤ ምን ላስቀድም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በአገራችን መንገዱን በቀኝ ስለምንይዝ ሳይድካሩም በቀኝ ይገጠማል። በአራት ቦታ በብሎን ይታሰር፤ ጎማው ከሞተሩ የኋላ ጎማ ጥቂት ቀድሞ፣ ፊቱም ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ወደ ሞተሩ ገባ ብሎ ካልተስተካከለ መሪው ወደ አንድ ወገን እየጎተተ ክንድዎን ያዝለዋል።

ሌላ መልስ፦ ለዳገቱ ቀላል ሳይድካር ይምረጡ፤ ካቴናው የሚዞርበትን የኋላ ጥርስም ተለቅ ባለ ይቀይሩት። ባዶውን በፍጥነት ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የሳይድካሩ ጎማ ከመሬት ስለሚነሳ፣ ባለቤትዎን ከማሳፈርዎ በፊት አሸዋ የሞላ ጆንያ ጭነው ሜዳ ላይ ይለማመዱ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ ቡናው እንግዲህ ይቆያል።