ከስካይላይን ድራይቭ ወደ አፓላቺያን ትሬይል በየት በኩል ይሻላል?

ሰላም ወገኖች። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ቤት መዋል ሰልችቷታል። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ወስጃት፣ ያንን ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቀውን የእግር መንገድ ትንሽ ብናየው ብዬ ነበር። ብዙ ዳገት ግን አትችልም። ያለነው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው።

— እንኳን ደህና መጡ በልልኝ። መንገዱ በሙሉ ከ2,190 ማይል በላይ ነው። ፓርኩ ውስጥ ግን 101 ማይል ያህሉ የፓርኩን የመኪና መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭን፣ ተጠግቶ ስለሚሄድና አስፋልቱን ደጋግሞ ስለሚያቋርጥ፣ ከመኪና ወርዶ ማግኘት ቀላል ነው።

ለእናትህ «ስቶኒ ማን» የሚባለው ተራራ ይሻላቸዋል። ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ነው። በስካይላይን ድራይቭ ማይል 41.7 ላይ፣ ስካይላንድ በሚባለው ማረፊያ ሰሜን መግቢያ መኪናህን አቁም። በፍሮንት ሮያል በር ከገባህ ግን የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ እስክትደርስ ይመሻል። በ211 አውራ ጎዳና መጥተህ በቶርንተን ጋፕ በር ግባ። እሱ ማይል 31.5 ላይ ስለሆነ አስር ማይል ብቻ ይቀርሃል። እኛ ለመኪናው 30 ዶላር ከፍለናል፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል።

አሁን የተሸወድንበትን ልንገርህ። የትሬይሉ ምልክት ዛፍ ላይ የተቀባ ነጭ ሰረዝ ነው፤ ስፋቱ ሁለት፣ ቁመቱ ስድስት ኢንች። መጀመሪያ እሱን ትከተላለህ። 0.4 ማይል ገደማ ስትሄድ ነጩ ይገነጠላል፣ ወደ ጫፉ የሚያወጣህ ሰማያዊው ነው። እኛ ወሬ ይዘን ነጩን ቀጠልን። ቁልቁለቱ ሲበዛ አክስቴ ቆም ብላ «ተራራ የሚወጣው ወደ ታች ነው እንዴ?» አለች። ነጩ ዞሮ መኪናህ ጋ አይመልስህም። የሚወስድህ ሜይን ነው።

— እኔም ልጨምር። እዚያ ስልክ እንደልብ አይሠራም፣ ካርታውን ቤት ሳለህ አውርድ። ውሻም ወደ ስቶኒ ማን አይገባም። ጫፉ ላይ ነፋስ አለ፣ ለእናትህ ጋቢ ያዝ።

— ወገኖች፣ ቅዳሜ ሄድን፤ አመሰግናለሁ። ጫፉ 4,011 ጫማ ነው ብዬ ስኮራ፣ እናቴ በሜትር ስንት ነው አለችኝ። 1,220 ገደማ። «አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ አይደል? ታዲያ ወረድን እንጂ መች ወጣን?» አለች። ስንመለስ ትልቅ ቦርሳ የተሸከመ ፈረንጅ አገኘን። ከጆርጂያ ጀምሮ በእግሩ መምጣቱን ስተረጉምላት «ማን አባሮት ነው?» ብላ ቆሎዋን ከነፌስታሉ ሰጠችው።