ፋይናል የተባለው ሊስት ለምን ይለወጣል? በጃቫ ለውጥን ስለ መገደብ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎችን ውጤት የሚይዝ አነስተኛ ፕሮግራም በጃቫ እየሠራሁ ነው። «ትራንስክሪፕት» በሚባለው ክላስ ውስጥ የተማሪው መለያ ቁጥርና የኮርስ ውጤቶቹ ሊስት ይገኛሉ። ውጤቱ አንድ ጊዜ ከጸደቀ በኋላ ማንም እንዳይነካው ስለምፈልግ ሁለቱንም ፊልዶች (በክላሱ ውስጥ ዳታ የሚይዙትን) «ፕራይቬት ፋይናል» አድርጌአቸዋለሁ፤ ሴተርም፣ ማለትም ዋጋቸውን የሚለውጥ ሜተድ፣ አልጻፍኩላቸውም። ይሁን እንጂ ሪፖርት የሚያትመው ክላስ ሊስቱን በጌተር (የፊልዱን ዋጋ በሚመልስ ሜተድ) ተቀብሎ «ኤፍ» የሆኑትን ውጤቶች ለኅትመት ሲል ባስወገደ ጊዜ፣ ከዋናው ትራንስክሪፕት ላይም አብረው ጠፉ። ኮዱን የሚተረጉመውና ስሕተት የሚጠቁመው ኮምፓይለር አንዳች ነገር አላለም። ታዲያ ፋይናል የሚከለክለው ምኑን ነው? ክላሱንና ሜተዶቹንስ ፋይናል ባደርጋቸው ይጠቅመኛል?

መልስ ሰጪ አንድ፦
ኮምፓይለሩ ዝም ያለው፣ እርስዎ የከለከሉትን ነገር ማንም ስላልጣሰ ነው። ፋይናል የተባለ ፊልድ ኮንስትራክተሩ (ከክላሱ አዲስ ኦብጀክት ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ሥራውን ከመጨረሱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዋጋ መመደብ አይቻልም። ነገር ግን ፊልዱ የሚይዘው ሊስቱን ራሱን ሳይሆን ወደ ሊስቱ የሚያመለክተውን ሪፈረንስ ነው። ስለዚህ «ውጤቶች» የሚለው ፊልድ ወደ ሌላ ሊስት እንዳይዞር ተከልክሏል እንጂ፣ በዚያው ሊስት ላይ «አድ» (መጨመሪያው) ወይም «ሪሙቭ» (ማስወገጃው) እንዳይጠራ የከለከለ የለም። መለያ ቁጥሩ ስትሪንግ (የጽሑፍ ዋጋ) ከሆነ ስለ እርሱ አይሥጉ፤ ስትሪንግ ከተፈጠረ በኋላ ይዘቱን የሚለውጥ ሜተድ የለውም።

ፕራይቬትም ቢሆን የሚያግደው ፊልዱን ከክላሱ ውጭ በስሙ መጥራትን ነው። ጌተሩ ያንኑ ሪፈረንስ አውጥቶ ከሰጠ ግን፣ ተቀባዩ ከባለቤቱ እኩል ሥልጣን ያገኛል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ መግቢያውን ነው፦ ውጤቶቹን ከዳታቤዝ አንብቦ ለኮንስትራክተሩ የሚያቀብለው ኮድ ሊስቱን ለራሱም ይዞ ከቀጠለ፣ ጌተር እንኳ ሳያስፈልገው ትራንስክሪፕቱን ከውጭ ሊለውጠው ይችላል።

መፍትሔው በኮንስትራክተሩ ውስጥ የመጣውን ሊስት እንዳለ አለመመደብ፣ በ«ሊስት ኮፒኦፍ» የተቀዳውን መመደብ ነው። ይህ ሜተድ ከጃቫ 10 (2018 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ የሚመልሰው ሊስት መጨመርም መቀነስም አይፈቅድም። ከዚያ በኋላ ጌተሩ ያንኑ ሊስት ቢመልስ ችግር የለበትም፤ የሪፖርቱ ክላስ «ሪሙቭ» ሲል «አንሰፖርትድ ኦፐሬሽን ኤክሴፕሽን» የሚባል ስሕተት ይገጥመዋል። ክልከላው የሚታየው ፕሮግራሙ ሲሠራ እንጂ ኮምፓይል ሲደረግ አለመሆኑን ግን ልብ ይበሉ። «አንሞዲፋያብል ሊስት» የሚባለውን የቆየ ሜተድ ከዚህ ጋር አያምታቱት፤ እርሱ ቅጂ ሳይሆን መመልከቻ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ከሥሩ ያለው ሊስት ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ አሁን ገብቶኛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሬጅስትራር አልፎ አልፎ የጸደቀ ውጤት እንዲስተካከል ያዝዛል። ሁሉን ነገር ከቆለፍኩ ይህን በምን አስተናግደዋለሁ?

መልስ ሰጪ ሁለት፦
በእኔ እምነት ለዚህ ሴተር መክፈት አያስፈልግዎትም፤ የጸደቀ ውጤት በማንኛውም መስመር ላይ በጸጥታ የሚቀየርበት ፕሮግራም ለተማሪውም ለኮሌጁም አደጋ ነው። ማስተካከያውን የሚያከናውን አንድ ሜተድ ይጻፉ፤ የኮርሱን ኮድ፣ አዲሱን ውጤትና ያዘዘውን አካል ይቀበል፣ ትክክለኛነታቸውን ያጣራ፣ ከዚያም ነባሩን ሳይነካ አዲስ ትራንስክሪፕት ይመልስ። የቀድሞው ስላልተነካ ምን ከምን እንደተለወጠ ማሳየት ይቻላል፤ ቅሬታ ሲቀርብም የሚጠየቀው ይኸው ነው።

«መልስ ሰጪ አንድ» ካሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ሊስት ኮፒኦፍ» የሚቀዳው ሊስቱን እንጂ በውስጡ ያሉትን ኦብጀክቶች አይደለም። «ውጤት» የሚለው ክላስዎ ሴተር ካለው፣ ሊስቱ ሳይነካ «ሲ» የነበረው «ኤ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ውጤት»ን ሪከርድ ያድርጉት፤ ከጃቫ 16 (2021 እ.ኤ.አ.) ወዲህ በቋንቋው በቋሚነት የገባው ሪከርድ ፊልዶቹን በራሱ ፕራይቬትና ፋይናል ያደርጋል፣ ሴተርም አያወጣም። ሪከርድ ራሱ ሊስት ከያዘ ግን ያው የመቅዳት ጥንቃቄ አይቀርለትም።

ፊልዶቹን «ፕሮቴክትድ» ለማድረግ እንዳይፈተኑም አደራ እላለሁ። በጃቫ ፕሮቴክትድ የሆነ ነገር ለሰብክላሶች (ከክላሱ ለሚወርሱ ክላሶች) ብቻ ሳይሆን በዚያው ፓኬጅ (የክላሶች ስብስብ) ላለ ክላስ ሁሉ ክፍት ስለሆነ፣ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ሰፊ ነው።

መልስ ሰጪ ሦስት፦
የክላሱና የሜተዶቹ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። ፋይናል የሆነ ሜተድ ኦቨርራይድ አይደረግም፣ ማለትም ወራሽ ክላስ በራሱ ሜተድ ሊተካው አይችልም፤ ፋይናል የሆነ ክላስም ሰብክላስ አይወጣለትም። ይህ ከፊልዱ ፋይናልነት የተለየ ክልከላ ቢሆንም ለእርስዎ ጉዳይ ያስፈልጋል። ትራንስክሪፕት ክፍት ከሆነ ሌላ ሰው ከእርሱ ወርሶ፣ ጌተሩን ኦቨርራይድ አድርጎ፣ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ውጤት የሚመልስ ክላስ ሊጽፍ ይችላል፤ ትራንስክሪፕት የሚቀበል ኮድም ያለ ጥርጥር ይቀበለዋል። ስትሪንግ ፋይናል ክላስ ነው፤ የአስርዮሽ ቁጥር የሚይዘው «ቢግዴሲማል» ግን እንደዚያ ሆኖ ስላልተሠራ፣ ከማይታመን ምንጭ የመጣን ቢግዴሲማል የሚቀበል ጥንቁቅ ኮድ የኦብጀክቱን ትክክለኛ ክላስ አይቶ መቅዳት ግድ ይሆንበታል።

ስለዚህ ትራንስክሪፕትን ፋይናል ያድርጉት፤ ያን ጊዜ ሜተዶቹን ለየብቻ ፋይናል ማለት ትርፍ ነው። የተወሰኑ ሰብክላሶች ብቻ እንዲኖሩ ከፈለጉ፣ ለምሳሌ ለመደበኛና ለማታ ተማሪዎች የተለያየ ትራንስክሪፕት ካለ፣ ከጃቫ 17 (2021 እ.ኤ.አ.) የመጣው «ሲልድ» የተፈቀደላቸውን ወራሾች በስም ለመዘርዘር ያስችላል። ኮትሊን በሚባለው ሌላ ቋንቋ ክላስ ሁሉ «ኦፕን» ካልተባለ በቀር ፋይናል ነው፤ ለእኔ ትክክለኛው መነሻ ያ ነው።

ፕሮግራምዎ ብዙ ትሬዶችን (ጎን ለጎን የሚሄዱ የፕሮግራሙን የሥራ መስመሮች) የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ የፊልዱ ፋይናልነት ሌላ ዋስትና ያመጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ጃቫ 5 የተሻሻለው የሜሞሪ ሞዴል (አንዱ ትሬድ የጻፈውን ሌላው መቼ እንደሚያይ የሚወስነው ደንብ) እንደሚደነግገው፣ ኮንስትራክተሩ ሳይጨርስ «ዚስ» (የኦብጀክቱ የራሱ ሪፈረንስ) ወደ ውጭ እስካልወጣ ድረስ፣ ኦብጀክቱን ያገኘ ማንኛውም ትሬድ ፋይናል ፊልዶቹን ያለ «ሲንክሮናይዝድ» መቆለፊያ ሙሉ ሆነው ያያቸዋል። ፋይናል የሚለውን ቃል ቢያነሡት፣ ሴተር ባይኖርም እንኳ፣ ይህ ዋስትና አብሮ ይነሣል።