የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ካርቱን ለምን ለዘብ አለ?

የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማሪ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ የፖለቲካ ካርቱን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶሚዬ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የሕዝቡን ሀብት የሚውጥ ሆዳም ግዙፍ አድርጎ በመሳሉ በ1832 ታስሯል። በሄጉ ሳምንታዊ መጽሔት «ዴ ኔደርላንድሸ ስፔክታቶር» ላይ የወጡት የኔዘርላንዳዊው ካርቱን ሠዓሊ የስሚት ክራንስ ሥዕሎች ግን ሚኒስትሮችን ሸንቆጥ አድርገው ያልፋሉ። ይህ የሳንሱር ውጤት ነው ወይስ የጠባይ?

መልስ ሰጪ ሀ፦ ሳንሱር አልነበረም፤ የፕሬስ ነፃነት በ1815ቱ ሕገ መንግሥት ሰፍሯል። ይልቅ የ1848ቱን ማሻሻያ ልብ ይበሉ። ኋላ ሚኒስትር የሆነው የሊበራሎቹ መሪ ቶርቤከ በመራው ኮሚሽን የተረቀቀው ይህ ሰነድ ንጉሡ የማይደፈር፣ ተጠያቂዎቹም ሚኒስትሮች መሆናቸውን ስለደነገገ፣ የፓርላማውን ክርክር የሚከታተል ሠዓሊ ብዕሩ የሚያርፈው ሚኒስትር ላይ ነው፤ ረጅሙና ከሲታው ቶርቤከ ራሱም ከዚህ አላመለጠም። በዚያ ላይ መምረጥ የሚችሉት የተወሰነ ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ጋዜጦችም እስከ 1869 ድረስ የቴምብር ቀረጥ ስለነበረባቸው ውድ ነበሩ። በእኔ ግምት አንባቢው፣ ሹሙና ሠዓሊው በአንድ ጎዳና የሚተላለፉ ሰዎች ነበሩ፤ የጎረቤት ሽሙጥ ደግሞ እንደ ጠላት ስድብ አይመርም።

መልስ ሰጪ ለ፦ «ሳንሱር አልነበረም» የሚለውን እንዳለ አልቀበለውም፤ አስቀድሞ የሚያግድ ባይኖር እንኳ ከኋላ የሚያስር ነበርና። ሶሻሊስቱ ዶሜላ ኒወንሃውስ ጋዜጣው ላይ በወጣ ጽሑፍ ንጉሡን ዘልፏል ተብሎ የአንድ ዓመት እስራት ተፈርዶበት በ1887 ወህኒ ወረደ። በዚያው ዓመት ዊሌም 3ኛን «ንጉሥ ጎሪላ» ብሎ የተሳለቀው በራሪ ጽሑፍም ያለ ደራሲ ስም ነው የተሰራጨው። ዝምታው ያለው ቤተ መንግሥቱ ላይ እንጂ ሚኒስትሮቹ ላይ አይደለም።

መልስ ሰጪ ሐ፦ ሁለታችሁም ያነሳችሁት ትክክል ነው፤ ጠያቂያችን ግን ኅትመቱንም ቢያዩ መልካም ነው። በሊቶግራፍ፣ ማለትም በድንጋይ ኅትመት፣ ሠዓሊው ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ ቀለም ይስላል፤ ሲታተም ግራና ቀኙ ስለሚገለበጥ ድንጋዩ ላይ በቀጥታ የሚጽፈውን ፊደል ሁሉ በግልባጭ መጻፍ አለበት። በ1880ዎቹ መጨረሻ ዮሃን ብራከንሲክ ለሳምንታዊው «ዴ አምስተርዳመር» የሚያዘጋጃቸው ሥዕሎች ለብቻቸው በተነጠለ ትልቅ ወረቀት ስለሚወጡ፣ ገዢው ግድግዳ ላይ ሊለጥፋቸው ይችል ነበር። የስሚት ክራንስን ለዘብተኝነት ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ቢመዝኑት ከዶሚዬ ጋር ከማነጻጸር የተሻለ ያስተምራል።