የልደት ሰርተፍኬት ከወጣ በኋላ የሕፃን ስም እንዴት ይቀየራል? አስቸኳይ ነው!

የማሂ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን «ሶልያና» ተብላ ተመዝግባ ሰርተፍኬቷ ወጥቷል። አሁን «ማህሌት» እንድትባል ተስማምተናል። ወረዳ ብሄድ «ፍርድ ቤት ሂጂ» አሉኝ። ለአንድ ስም ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል? ሰኞ የፓስፖርት ቀጠሮ አላት። የምታውቁ ባካችሁ ቶሎ!

ጌች፦ ሶልያና ምን አጠፋች? ቤት ውስጥ ማህሌት በሏት፣ አለቀ። ግማሹ አገር የቤት ስምና የወረቀት ስም ይዞ አይደል የሚኖረው?

የማሂ እናት፦ ወንድሜ፣ ስሙን አስተያየት ስጡበት አላልኩም። መንገዱን ንገሩኝ።

አንዷለም፦ መንገዱማ ነግረውሻል፤ ፍርድ ቤት ሂጂ።

ሕግ ነክ፦ እህቴ፣ ስም የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ስም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ለልጁ ስም የሚያወጣው አባት ነው፣ እናትም ሌላ ስም ልታወጣለት ትችላለች ይላል። በሌላ በኩል አዋጅ 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ መዝገቡ ማስረጃ ነው፤ የክብር መዝገብ ሹሙም (ልደት መዝጋቢው) ሰው ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ሊሰርዝና ሊደልዝ…

ጌች፦ መምህር፣ ቀጠሮዋ ሰኞ ነው 😂

ትርሲት፦ የማሂ እናት፣ መጀመሪያ ስህተት ነው ወይስ ለውጥ የሚለውን ለዪ። ስታስመዘግቡ የፈረማችሁበት ቅጽ ላይ «ማህሌት» ተብሎ ሰርተፍኬቱ ላይ ብቻ ተሳስቶ ከታተመ፣ ቅጹን አስወጥተው አስተያይተው እዚያው ያርሙታል። ቅጹም «ሶልያና» ካለ ግን ለውጥ ነውና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይነኩትም። የሆስፒታሉ የልደት ማሳወቂያ ብዙ ጊዜ የሕፃኑ ስም ስለማይኖርበት እሱን ይዞ መከራከር አያዋጣም።

ቢኒ፦ ይሄ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? ሌላ ወረዳ ሄደሽ እንዳልተመዘገበች አድርገሽ እንደገና አስመዝግቢያት።

ትርሲት፦ እንዳትሞክሪው! ሐሰተኛ ምዝገባ ያስቀጣል። ከዚያም በላይ ልጅቷ በሁለት ስም ሁለት ሰው ሆና ትቀራለች፤ በኋላ አንዱን ማሰረዝ ስም ከማስቀየር ይብሳል።

ፍርድ ቤት ስትሄጂ እነዚህን ያዢ፤ በሁለታችሁም የተፈረመ አቤቱታ ከቃለ መሃላ ጋር፣ ዋናው ሰርተፍኬትና ኮፒው፣ የሁለታችሁ መታወቂያ፣ ካለ የጋብቻ ሰርተፍኬት። አባትየው ውጭ አገር ከሆነ ውክልና ይላክ፤ ውክልናው ላይ «የልጄን ስም ለማስቀየር» የሚል በግልጽ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ሊመልሱት ይችላሉ። ምክንያቱን አጭርና እውነተኛ አድርጉት። ሐሳብ ቀይራችሁ ሳለ «ጸሐፊው ተሳስቶ ነው» ብላችሁ እንዳትምሉ፤ ቅጹ ሲወጣ ፊርማችሁ ያጋልጣችኋል።

አቤቱታው ላይ አዲሱን ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም፣ እስከ አያት ድረስ ጻፉት። የአባትየው ስም የላቲን አጻጻፍ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል እንኳ አይለያይ። ትእዛዙ ላይ ካልሰፈረ ወረዳው እንደመሰለው ይጽፈዋል፤ የአንዲት ፊደል ልዩነት ኤምባሲ ላይ ጣጣ ነው። የአያት ስም ላይም የሚታረም ካለ በዚያው አቤቱታ ጠይቁ።

ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ይውጣ ሊል ይችላል፤ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ሲወሰን ማህተም ያረፈበት ግልባጭ ከአንድ በላይ አስወጪ። አንዱን ከድሮው ዋና ሰርተፍኬት ጋር ለመዘገባት ወረዳ ስጪ። መዝገቡ አይፋቅም፤ ለውጡ ኅዳግ ላይ ይጻፍና አዲስ ሰርተፍኬት ይሰጥሻል።

አንዷለም፦ እኔም እኮ ያልኩት ፍርድ ቤት ሂጂ ነው።

የማሂ እናት፦ ቅጹ ላይም ሶልያና ነው 😔 የሰኞውስ ታዲያ?

ቢኒ፦ በሶልያና አውጪው፣ በኋላ ይስተካከላል።

ትርሲት፦ የምትጓዙት ቅርብ ከሆነ ቢኒ ልክ ነው። በሶልያና ይውጣ፤ ትኬቱም ቪዛውም በሶልያና ይሁን፣ የስም ለውጡን ከጉዞ መልስ ጀምሩ። መሀል ላይ ፍርድ ቤቱ ከወሰነ ፓስፖርቷና ሰርተፍኬቷ ይጋጫሉ። ጉዞ ከሌለ ግን ቀጠሮውን አራዝሚው፤ በሚቀየር ስም ፓስፖርት አውጥቶ እንደገና ለማስቀየር መክፈል ብር መጣል ነው። የክትባት ካርዷንም በአዲሱ ስም አሠሪ፤ የድሮውን ግን እንዳትጥዪው፣ የተከተበችበት ቀን ያለው እሱ ላይ ነው።

ሕግ ነክ፦ ያላለቀ ነጥብ ነበረኝ፤ የፍትሐ ብሔሩን ሕግ አንቀጽ 34…

ጌች፦ የማሂ እናት፣ ጉዞ አላችሁ ወይስ የላችሁም? እሱን ሳትነግሪን ጠፋሽ እኮ።