«ዳ ሲልቫ» ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ሁሉ አገርስ እንዴት አዳረሰ?

ጥያቄ

የተከበራችሁ የቃላት ወዳጆች፣ ጥያቄዬ ከአማርኛ ውጭ ያለ ቃልን የሚመለከት ቢሆንም መነሻው የዕለት ሥራዬ ነውና ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል የሠራተኞችን ስም እየመዘገብኩ በደረት ላይ የሚንጠለጠለውን መታወቂያ አዘጋጃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስት መታወቂያዎች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ተገናኙ፤ በአንደኛው «ደ ሲልቫ»፣ በሁለተኛው «ዲሲልቫ»፣ በሦስተኛው «ዳ ሲልቫ» ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው ከስሪላንካ የመጣ፣ የቡድሃን እምነት የሚከተል ምግብ አብሳይ ነው፤ ሁለተኛዋ የሕንድ ጎዋ ተወላጅ የሆነች ካቶሊክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሦስተኛው በመዋኛ ገንዳው ዘንድ የሚሠራ ብራዚላዊ ነው። ዘመዳሞች ናችሁ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ሦስቱም ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ይህን ስም እስከ ዛሬ የማውቀው ከኳስ ተንታኞች አፍ ብቻ ነበር። ቃሉ ምን ማለት ነው? ከፊቱ የሚገቡት «ደ»፣ «ዲ»፣ «ዳ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? በፊደል ተራ ስደረድራቸውስ በ«ደ» ነው ወይስ በ«ሰ» የማስገባቸው?

ምላሽ

እህቴ፣ ሦስቱ መታወቂያዎች የተሸከሙት አንድ ቃል ነው። «ሲልቫ» ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ደን፣ ዱር ማለት ነው። ሮማውያን የደን አምላካቸውን «ሲልቫኑስ» ይሉት ነበር፤ ሲልቪያ፣ ሲልቪዮ፣ ሲልቬስተር የሚባሉት የሰው ስሞችም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ትራንሲልቫኒያ «ከደኑ ማዶ»፣ ፔንሲልቫኒያ ደግሞ «የፔን ደን» ማለት ነው። በዛሬው ፖርቱጋልኛ ግን አንድ የገጠር ሰው «ሲልቫ» ሲባል የሚታየው ትልቅ ደን ሳይሆን አጥር ላይ የሚንጠላጠለው እሾሃማው የእንጆሪ ቁጥቋጦ ነው፤ ለጥቅጥቁ ደን «ሴልቫ» የሚል ሌላ ቃል አለውና። ስለዚህ ላቲን የተማረ ሰው በስሙ ውስጥ ዋርካና ዝግባ ሲያይ፣ የመንደሩ ሰው እሾህ ያያል ማለት ነው።

ከፊት የሚመጣውን በተመለከተ፣ «ደ» በእኛ «የ» ወይም በግእዝ «ዘ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ፖርቱጋልኛ «ሲልቫ»ን እንደ ሴት ስለሚቆጥር ለሴት የሚሆነውን አመልካች «አ» ይጨምርበታል፤ «ደ» እና «አ» ተዋሕደው «ዳ» ይሆናሉ፤ እንግዲህ «ዳ ሲልቫ» በአማርኛ «የዱሩ» ብንለው ያስኬዳል። «ዶስ ሳንቶስ» የሚለውን ስምም በዚሁ መንገድ ብትፈቺው «የቅዱሳን» የሚል ታገኛለሽ። ስሪላንካዎች «ደ»ን እንደያዙ ቀሩ፤ የጎዋዋ ባልደረባሽ «ዲ» ግን በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ተቆርጣ፣ በጭረት ከስሙ ጋር የተጣበቀችው ያችው «ደ» ናት።

ስሙ መጀመሪያ የቦታ ስም ነበር። በሰሜን ፖርቱጋል በሚኞ ምድር፣ በቫሌንሳ አጠገብ ሲልቫ የሚባል ቦታ አለ፤ ስሙን የያዘው የመኳንንት ቤት ርስቱ በዚያ ነበር። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ እንደምንለው ሁሉ፣ ሰውየው ከነቦታው መጠራቱ ነው። ልዩነቱ እኛ ዘንድ «ዘጋስጫ» ከአባ ጊዮርጊስ ጋር ሲቀር፣ እነርሱ ዘንድ ለልጅ ልጅ መተላለፉ ነው። ዱር ያለበት መንደር ደግሞ አንድ ብቻ አይደለምና፣ ከመኳንንቱ ጋር ምንም የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ገበሬዎችም በያሉበት ሲልቫ ተባሉ።

ከሌላ አባል

ለተሰጠው ማብራሪያ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን «ደን»ንና «ዱር»ን አንድ አድርገው ማለፍዎን ልቀበለው አልቻልኩም። ደን ዛፉ ነው፤ ይቆጠራል፣ ይጠበቃል፣ ይመነጠራል። ጫካ ጥቅጥቅታው ነው፤ ሰው ይሸሸግበታል። ዱር ግን ከቤት ተቃራኒ የሆነው ሁሉ ነው፤ የዱር እንስሳ የሚባለው የቤት ያልሆነው ነው፣ ዱር ቤቴ ያለው አርበኛም ዛፍ መቁጠሩ ሳይሆን ከቀየው መውጣቱ ነው የተነገረለት። ላቲኑ ከሦስቱ ወደየትኛው ያደላል?

መላሹ በድጋሚ

ወንድሜ፣ ተገቢ ተግሣጽ ነው። የቦታው ስም በሆነበት ጊዜ «ደን» ይቀርበዋል፤ የቃሉን ልጆች ካየን ግን «ዱር» ያሸንፋል። ላቲን ከ«ሲልቫ» «ሲልቫቲኩስ» የሚል ቅጽል አወጣ፤ የዱር ማለት ነው። ይህ ቃል በአፍ ሲንከባለል በፖርቱጋልኛ «ሴልቫዤም»፣ በፈረንሳይኛ «ሶቫዥ» ሆነና ያልተገራ፣ አረመኔ የሚል ትርጉም ያዘ። እኛም ከዱር «ዱርዬ»ን አውጥተናል፤ ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ሄደዋል። በግእዝ ደግሞ «ገዳም» ራሱ ጥንት ዱርና ምድረ በዳ ማለት ነበር፤ በኋላ መነኮሳቱ ስለ ገቡበት ትርጉሙ ወደ እነርሱ ዞረ። «ዳ ሲልቫ»ን ቃል በቃል «ዘገዳም» ብለን ብንተረጉመው ሰዋስዉ ትክክል ይሆንና ብራዚላዊውን ዋናተኛ እናመነኩሰዋለን።

ወደ ስርጭቱ ልመለስ፤ የእህታችን ዋና ጥያቄ ያለው እዚያ ነውና። ስሙ ዓለምን የዞረው በዘር ሐረግ ሳይሆን በጥምቀትና በመዝገብ ነው። በስሪላንካ ልጀምር። ፖርቱጋሎች ወደ ደሴቲቱ የደረሱት በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲሆን፣ እስከ 1658 እ.ኤ.አ. ድረስ የባሕር ዳሩን ምድር ይዘው ቆይተዋል። በደሴቲቱ የነበረው የኮቴ መንግሥት ንጉሥ ዳርማፓላ በ1557 ተጠምቆ ዶን ዡዋዎ ተባለ፤ ከንጉሡ በኋላ መኳንንቱ፣ ከመኳንንቱ በኋላ የባሕር ዳሩ ሕዝብ እየተጠመቀ የፖርቱጋል ስም ወሰደ። ፔሬራ፣ ፈርናንዶ፣ ፎንሴካ፣ ሜንዲስ፣ ደ ሲልቫ ዛሬ የስሪላንካ ስሞች ናቸው። ፖርቱጋሎች ሲባረሩ ደቾች መጡ፤ እነርሱም መሬቱንና ቤተሰቡን «ቶምቦ» በተባለ መዝገብ ጻፉት፤ ቶምቦ የሚለው ቃል ራሱ የፖርቱጋል ነው። በመዝገብ የሰፈረ ስም ደግሞ ርስት የሚወረስበት ማስረጃ ነውና በቀላሉ አይጣልም። እምነቱ ወደ ቡድሃ ሲመለስ ስሙ ባለበት ቀረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የቡድሃን እምነት ለማነሣሣት የተነሡ ሰዎች እንዲህ ያለውን ስም እንደ ባዕድ ቀንበር አይተውት ነበር፤ በ1864 ዶን ዴቪድ ተብሎ የተወለደው ታላቁ ሰባኪያቸው ይህን ስም ጥሎ አናጋሪካ ዳርማፓላ ተብሏል። የብዙኃኑ ደ ሲልቫ ግን አልተነቀነቀም።

የምግብ አብሳዩን ሙሉ ስም ብትጠይቂው ምናልባት ሌላ ነገር ታገኚ ይሆናል። ሲንሃላዎች፣ ማለት የስሪላንካ ብዙኃኑ ሕዝብ፣ ከፖርቱጋል በፊት የነበራቸውን የቤት ስም ብዙ ጊዜ ከፊት ያስቀምጡታል፤ መጨረሻው «ጌ» ሲሆን «የእገሌ ቤት» እንደማለት ነው። በ1996 በላሆር በተደረገው የክሪኬት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ 107 ነጥብ ሳይሸነፍ ያስመዘገበው ዝነኛ ተጫዋች ሙሉ ስሙ ፒናዱዋጌ አራቪንዳ ደ ሲልቫ ነው። የአገሬው ቤት በፊት፣ ሊዝበን በኋላ፣ ሰውየው በመካከል!

ጎዋን በአጭሩ ልለፈው። ፖርቱጋሎች በ1510 ያዟት፤ ሕንድ በ1961 አስመለሰቻት። የሚጠመቀው ሰው የክርስትና አባቱን ወይም ያጠመቀውን ቄስ ስም ይወስድ ነበር፤ አንድ ቄስ አንድ መንደር ሲያጠምቅ መንደሩ በሙሉ በአንድ ስም ሊጠራ ይችላል። እኛ የክርስትና ስም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይቀመጣል፣ የዓለም ስማችን ከነአባታችን ይቀጥላል፤ በጎዋ ግን የክርስትናው ስም የበፊቱን ገፍቶ አወጣው።

ብራዚል ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሲልቫ በዚያ ከየትኛውም የቤተሰብ ስም ይልቅ ብዙ ሰው የሚጠራበት ነው፤ በፖርቱጋልም እንዲሁ። ብራዚላውያን የባሕር ዳሩን ሰው «ኮስታ»፣ የመሐል አገሩን «ሲልቫ» ብለው ከፋፈሏቸው የሚል ተረት ይነገራል። እኔ ተረቱን አልቀበለውም፤ ሁለቱም ስሞች ከፖርቱጋል ተጭነው ነው የሄዱት። ስሙን ያበዛው ሌላ ነው፤ ከአፍሪካ በግዞት የተወሰዱት ሰዎች ሲጠመቁ ወይም ነፃ ሲወጡ ብዙ ጊዜ የጌታቸውን ስም ወሰዱ፤ አባታቸው ያልታወቁ ሕፃናትና የተጠመቁ የአገሬው ተወላጆችም የተለመደውን ስም ተቀበሉ። ባርነት በ1888 በሕግ ሲቀር፣ ሲልቫ የብዙ ነፃ የወጡ ቤተሰቦች ስም ሆኖ ነበር። ስለዚህም በዚያ አገር «ዜ ዳ ሲልቫ» ሲባል ማንኛውንም ተራ ሰው ማለት ነው፤ እኛ «እገሌ» ወይም «አበበና ከበደ» እንደምንለው። በብረት ሥራ ያደጉት ፕሬዚዳንት ሉዊስ ኢናሲዮ ዳ ሲልቫ፣ ከሚሊዮኖች መካከል የሚለዩበትን «ሉላ» የሚለውን ቅጽል ስም በ1982 በሕግ ጨመሩበት። የመኪና ተወዳዳሪው አይርተን ሴና ዳ ሲልቫ ደግሞ የአባቱን ስም ትቶ በእናቱ ቤት ስም ሴና ተባለ፤ ዳ ሲልቫ በዝቶበት ነው። ከእርሱ 3 መቶ ዓመት ተኩል በፊት ሠዓሊው ዲዬጎ ሮድሪጌዝ ደ ሲልቫ ኢ ቬላስኬዝ እንዲሁ አድርጎ ነበር፤ አያቶቹ በአባቱ በኩል ከፖርቶ የመጡ ሲሆኑ እርሱ በሴቪያ ተወልዶ፣ በእናቱ ስም ቬላስኬዝ ብሎ ፈረመ።

ስሙ ወደ አፍሪካም ተመልሷል። በ1835 በብራዚሏ ባሕያ ከተነሣው የሙስሊም ባሮች አመፅ በኋላ ብዙ ነፃ የወጡ ሰዎች ወደ ቤኒንና ወደ ሌጎስ ዳርቻ ተመለሱ፤ ዳ ሲልቫ፣ ዳ ሮሻ ከሚባሉት ቤተሰቦች ብዙዎቹ የመጡት በዚህ መንገድ ነው። በመካከላቸው የፖርቱጋል ስም ይዘው እስላም የሆኑ ነበሩ፤ በፖርቶ ኖቮ የብራዚል ቤተ ክርስቲያን የሚመስል ትልቅ መስጊድ ቆሟል። በአሜሪካዋ ኒው ቤድፎርድ በአሣ ነባሪ አደን የሰፈሩ፣ አዞርስ ከተባሉት የፖርቱጋል ደሴቶች የመጡ ሰዎች ሲልቫቸው በእንግሊዝኛ ጆሮ «ሲልቪያ» ሆኖ የተጻፈባቸው አሉ፤ አያቱ ዱር የነበረው ሰው የሴት ስም ተሸክሞ ቀረ። በሐዋይም ከ1878 ጀምሮ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ የመጡት የማዴይራና የአዞርስ ሰዎች ስሙን አዛምተውታል።

ከሌላ አባል

ታዲያ በእኛ ዘንድ የት ደረሰ? በ1541 እ.ኤ.አ. ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ የወረዱት 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ነበሩ፤ የተረፉት በዚሁ ተጋብተው ወልደዋል። ሲልቫ ወይም ጋማ የሚባል ጎንደሬ ግን ሰምቼ አላውቅም።

መላሹ በድጋሚ

ስም የሚተላለፍበት ቦይ ስላልነበረ ነው። የወታደሩ ልጅ አባቱን በስሙ ይጠራል፤ የልጅ ልጁ ደግሞ የራሱን አባት ይጠራል፤ የቤተሰብ ስም ሁለት ትውልድ ሳይሻገር ማረፊያ ያጣል። በስሪላንካ ቶምቦው ያዘው፣ እኛ ዘንድ የሚይዘው መዝገብም ልማድም አልነበረም። የአገራቸው ስም ግን በሌላ በር ገብቷል። ፖርቱጋሎች ያዛመቱትን ጣፋጩን ፍሬ ዓረቦች በአገራቸው ስም «ቡርቱቃል» አሉት፤ እኛ ከዓረብኛ ወስደን «ብርቱካን» አልነው፣ ከዚያም ለሴት ልጆቻችን አወጣነው። ሲልቫ የሚባል ኢትዮጵያዊ ብናጣ፣ ፖርቱጋል የሚባሉ ኢትዮጵያውያት በየቤቱ አሉ።

የፊደል ተራውን ጥያቄ ረስቼው ነበር። በፖርቱጋልና በብራዚል ልማድ «ዳ» አትቆጠርም፤ ስሙ በ«ሰ» ይገባል። በስሪላንካ «ደ» የስሙ አካል ሆናለችና በ«ደ» ቢገባ ይሻላል። የጎዋዋም በ«ደ»።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደ ነገራችሁኝ ብራዚላዊውን በ«ሰ»፣ ሁለቱን በ«ደ» አስገባኋቸው። የሥራ ኃላፊዬ ሦስቱ ስሞች ስለምን እንደ ተለያዩ ጠይቆኝ «ዱር»ን ሳስረዳው፣ የእኔን መታወቂያ አነሣና «ይህ ደግሞ የማን ቤተሰብ ስም ነው?» አለኝ፤ ኮምፒውተሩ የግድ ስለሚጠይቅ በዚያ ሳጥን የገባው የአያቴ ስም ነው። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤት ወርጄ ምግብ አብሳዩን የቤት ስሙን ጠየቅሁት። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ብዕሬን ተቀበለኝና በ«ጌ» የሚያልቅ ረጅም ስም ጻፈልኝ። ወደ ኮምፒውተሩ ሳስገባው ቦታ አልበቃውም፤ ሳጥኑ የመጨረሻዋን «ጌ» ቆርጦ «ደ ሲልቫ»ን እንዳለ ተቀበለው።