መስመር ላይ ማን አለን? ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀረው

የፈረንጅ አራዳው፦

ሰላም ናችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ግን ሳላብራራው አላልፍም። ዘንድሮ የኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን በግራና በቀኝ መስመር አጥቂነት ማንን ነው የሚያሰልፈው? ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እኔ መልሱን አላውቅም፣ አሰልጣኙም የሚያውቀው አይመስለኝም (አሰልጣኝ ይህን ካነበብከው በፍቅር ነው)።

አምና የነበሩት ሁለቱም ተመረቁ። ግራው ቦንጋ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ቀኙ አዲስ አበባ ገባ። እነሱ እያሉ የተጋጣሚ የመስመር ተከላካዮች ከመሃል ሜዳ አያልፉም ነበር፣ ከኋላቸው ማን እንዳለ ያውቃሉ። ዘንድሮ ማንን ይፈሩ?

ቅዳሜ የወዳጅነት ጨዋታውን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ ደብተር ይዤ ስቆጥር ነበር፣ ሥራ ፈት በሉኝ። 17 ጊዜ ከመስመር ወደ ጎሉ ፊት አሻምተናል። የኛ ሰው የነካው 3 ብቻ ነው፣ ከሦስቱም አንዱ በትከሻ ነው። የቀረው ወይ በረኛቸው እጅ ገባ፣ ወይ ከሜዳው ውጪ ወጣ። አንዱማ ጭቃውን ተሸክሞ እኔው ላይ መጥቶ ደብተሬን አጨቀየልኝ።

ያሉን ሦስት ልጆች ናቸው። አንደኛው የአጋሮው ልጅ፣ አዲስ ገቢ ነው። ግራ እግር ነው፣ ሲሮጥ ደግሞ ንፋስ ነው። ግን ኳስ ስቶፕ ሲያደርግ ሁለት ሜትር ትሸሸዋለች፣ እሷን ሲያባርር ተከላካዩ ይደርስበታል። ከዚያ ውጪ ኦፍሳይድ፣ ኦፍሳይድ፣ ኦፍሳይድ። ዳኛው ራሱ ሰልችቶት ነበር። ሁለተኛው ጉልበቱን ተጎድቶ የከረመው ነው። አብዶው አለ፣ ጭንቅላቱም አለ፣ ግን ሲዞር እግሩን ይሳሳለታል። አልፈርድበትም። ሦስተኛው ከቀኝ ተከላካይነት ወደ ፊት የተገፋው ነው፣ ልቡ አሁንም ኋላ ነው። ኳስ ይቀበላል፣ ይመልሳል። ይቀበላል፣ ይመልሳል። ፊት ለፊቱ ሃያ ሜትር ባዶ ሜዳ እያለ ይመልሳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሌላ ሰው እንፈልግ ወይስ አጨዋወቱን እንቀይር?

አቦ ተወው፦

ኧረ አቦ አታካብድ! ልጆቹን ከመውቀስህ በፊት ሜዳውን እየው። ጅማ ናት ይቺ፣ መስከረም ጠባ ብሎ ዝናቡ አያቆምልህም። ከመንገዱ በኩል ያለው ጥግ፣ ኮርና የሚመታበት ጋ፣ ውሃው ተኝቶ እንቁራሪት ይጮህበታል። ቀልዴን አይደለም፣ ማክሰኞ ልምምድ ላይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የአጋሮው ልጅ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እዛ ጥግ ደርሶ ቆመ። ኳሷም ቆመች። ሁለቱም ተያዩ።

እኔ የገረመኝ የእጣው ነገር ነው። ካፒቴናችን እጣ አሸንፎ ምን መረጠ? ኳስ መጀመር! ምን ይጠቅመናል? ከ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወዲህ እጣ ያሸነፈ ወይ ኳስ ይጀምራል ወይ የሚያጠቃበትን ጎል ይመርጣል። ፈጣኑ ልጅ ግራ ከሆነ፣ ሜዳው ገና ሳይቦካ መጀመሪያው አጋማሽ ላይ በደረቁ በኩል እንዲሮጥ ጎሉን ምረጥ በቃ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ እንኳን እኛ የጫት ነጋዴዎቹም ያውቃሉ፣ ላስቲካቸውን ቀድመው ነው የሚያዘጋጁት።

ደግሞ ጫት ካነሳን አይቀር፣ ስሙን አልጠራም፣ ከሦስቱ አንዱ ዓርብ ማታ በርጫ ላይ ነበር። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት። ቅዳሜ እንዴት ይሩጥ? ምርቃናው እኮ ሜዳ ላይ አይሮጥልህም።

ሳር ሰፈር ነኝ፦

መፍትሄው ቀላል ነው። ከከተማው ክለብ ታዳጊ ሁለት ልጅ አምጥቶ ማስመዝገብ። ሁሉም ኮሌጅ ያደርገዋል።

የፈረንጅ አራዳው፦

@ሳር ሰፈር ነኝ፣ ወንድሜ ተወኝ። የማይማር ልጅ አሰልፈን ተይዘን ነጥባችን ከሚነጠቅ፣ በሚማር ልጅ ብንሸነፍ ይሻለኛል። ቀጣይ።

ጋሽ ኮቺ፦

ልጆቼ፣ እኔ ኳስ መጫወት ያቆምኩት ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ነው፣ ማየት ግን አላቆምኩም። ቅዳሜም ከዛፉ ሥር ነበርኩ።

የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ከታች ባደገበት በዚያው ዓመት ፕሪሚየር ሊጉን ሲወስድ አብዛኞቻችሁ ገና ልጆች ነበራችሁ። ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ከተማው በሙሉ ኦኪኪ ኦኪኪ ሲል ከረመ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ኳስ የያዘ ልጅ ሁሉ ጥግ ደርሶ ወደ ላይ ይልካታል። ለማን? ሳጥን ውስጥ ኦኪኪን የመሰለ ሰው ሲኖርህ ነው ማሻማት ትርጉም የሚኖረው። የናንተ አጥቂ ደግሞ፣ አይቀየመኝና፣ ቁመቱ ከእኔም ያንሳል። በቴስታ ከማን ጋር ሊታገል ነው? 17 ጊዜ አሻማን ብለህ ስትጽፍ እኔ ያየሁት 17 ጊዜ ኳስ ለተጋጣሚ እንደሰጣችሁ ነው።

የዚያን ጊዜው አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት መቐለ ሄዶ 70 እንደርታንም ሻምፒዮን አደረገ። ሁለት ዓመት፣ ሁለት የተለያየ ቡድን። እንደኔ እንደኔ ሰውዬው ያለውን ልጅ አይቶ ነው ጨዋታውን የሚሠራው።

ስለዚህ ያላችሁን እዩ። ያላችሁ ፈጣን ግራ እግር ነው። ኳሱን እስከ መጨረሻው መስመር ይውሰድና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ መሬት ለመሬት፣ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ አካባቢ ለሚደርሰው ይስጥ። ተከላካዮቹ ፊታቸውን ወደ ራሳቸው ጎል አድርገው እየሮጡ ስለሆነ ከኋላቸው የሚመጣውን አያዩትም። ከኳሱ ኋላ ያለ ሰው ደግሞ ኦፍሳይድ አይያዝም። አጭሩ አጥቂያችሁ እዛ ጋ ይጠቅማል።

ኦፍሳይድ ካልን ደግሞ ልጁን ኦፍሳይድ በሌለበት ተጠቀሙበት እንጂ። ከእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ የለም። ከጎል ምትም የለም። በረኛችሁ ረጅም ይመታል አይደል? የጎል ምት ሲሆን የአጋሮው ልጅ ከተከላካዮቹ ጀርባ ይቁም፣ ማንም አይነካውም። ቅዳሜ ስምንት የጎል ምት ነበራችሁ፣ ሁሉንም በአጭሩ ለተከላካይ ሰጣችሁ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ተያዛችሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ ልጅ ያደረገው ታኬታ የማን ነው?

አቦ ተወው፦

ጋሼ በጣም ደስ አሉኝ፣ ግን መሬት ለመሬት ይላሉ፣ እንቁራሪቶቹስ?

ጋሽ ኮቺ፦

ለዚያ ነው የእጣው ምክርህ ትክክል የሚሆነው። ደረቁ ጎን ስትሆኑ መሬት ለመሬት፣ የቦካው ጎን ስትሆኑ የጎል ምት። አንተ ልጅ በጭንቅላትህ ትጫወታለህ፣ ለምን ቡድኑ ውስጥ የለህም?

አቦ ተወው፦

ትንፋሽ ጋሼ፣ ትንፋሽ።

ቡና በጨው፦

እኔ የምለው ትንሽ ከሩቅ ይመጣል፣ ታገሱኝ።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እነሱ ፉትቦል የሚሉት ያን በእጅ የሚወረወረውን ነው። ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ስንደዋወል ወሬው ሁሉ ስለ ሪሲቨሮቻቸው ነው። ዋይድ ሪሲቨር ማለት ጥግ ላይ ሰፍቶ ቆሞ ረጅም ኳስ የሚቀበለው ነው። አምና የነበሩት ገሚሱ ጨርሰው ወጡ፣ ገሚሱ ደግሞ ትራንስፈር ፖርታል በሚሉት ስማቸውን አስገብተው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። የቀሩት አዲስ ልጆች ናቸው፣ ደጋፊው እንቅልፍ የለውም። ይቺን ጥያቄ ሳነብ በሳቅ ሞትኩ፣ የሱን ጭንቀት አንድ በአንድ ነው የጻፍከው።

አንድ ቀን ጨዋታውን በቪዲዮ አብሬው አየሁ፣ እያቆመ ያስረዳኛል። የገረመኝ ይሄ ነው። ወርዋሪው ኳሱን የሚለቀው ብዙ ጊዜ ተቀባዩ ገና ፊቱን ሳያዞር ነው። ሰው ወደሌለበት ባዶ ቦታ ይወረውራል፣ ልጁ ሲዞር ኳሱ እዛ ይደርሳል። ስንት እርምጃ ሮጦ የት ጋ እንደሚታጠፍ ሁለቱ አስቀድመው ተስማምተዋል። በነሱ በጋ (በእኛ ክረምት) ሙሉ ሁለቱ ብቻ ሜዳ ወርደው አንዱን ሩጫ መቶ ጊዜ ይደጋግሙታል አለኝ። እግር መስመር ሲረግጥ እንኳን ይለማመዳሉ፤ በኮሌጅ ደረጃ ኳሱን ሲይዝ አንድ እግሩ ሜዳ ውስጥ ካረፈ ይጸድቅለታል፣ ፕሮፌሽናሎቹ ጋ ግን ሁለቱም ማረፍ አለባቸው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ቅዳሜ እኔም ነበርኩ፣ የአጋሮውን ልጅ ብቻ ነው ሳይ የነበረው። ኦፍሳይድ የተያዘው ቸኩሎ አይደለም። በጊዜው ይነሳል። አማካዮቻችን ናቸው የሚያረፍዱት። አንድ ጊዜ ይነካል፣ ሁለቴ ይነካል፣ ያያል፣ አሁንም ይነካል፣ ከዚያ ይልካል። ልጁ እስከዚያ ድረስ መስመሩን አልፎ ሄዷል። ዳኛው እጁን ሲያነሳ ሁላችሁም ልጁ ላይ ጮሃችሁ። እሱ ደግሞ አዲስ ገቢ ነው፣ ምን ይበል፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ደብተር ይዞ የቆመው ሰውዬ ማሻማቱን ሲቆጥር ይህን አልቆጠረም 🙂

10 ቁጥሩ፦

እሺ፣ ያ አማካይ እኔ ነኝ።

ልክ ናት፣ ምን እላለሁ። የአምናዎቹ ጋ ሦስት ዓመት አብረን ስለተጫወትን ቀና ሳልል እሰጣቸው ነበር። ግራው ትከሻውን ዝቅ ሲያደርግ ሊነሳ ነው ማለት ነው፣ በቃ እለቅለታለሁ። ይሄኛውን ግን ገና አላወቅኩትም። ሲነሳ ምልክት የለውም፣ ወይ አለው እኔ አላየሁትም። ልምምድ ላይ ደግሞ መስመሮቹ ለብቻ በኮን መሃል ይሮጣሉ፣ እኛ አማካዮች ለብቻ ክብ ሠርተን እንቀባበላለን፣ የምንገናኘው ለጨዋታ ስንከፈል ነው። እንዴት እንተዋወቅ?

ከነገ ጀምሮ ጠዋት 12 ተኩል ላይ፣ ክፍል ሳንገባ፣ እሱንና በረኛውን ይዤ እወርዳለሁ። ጉልበቱን የታመመው ልጅም ይምጣ፣ ሩጫ አላስገድደውም፣ እሱ ቆሞ ማቀበል ይችላል። እንደውም በደንብ ካሰብነው ወደ መሃል ስቦ ማጫወት ሳይሻል አይቀርም። በርጫ ላይ የነበርከው ደግሞ (እኔም አውቅሃለሁ) ቡና እገዛልሃለሁ፣ ና።

የፈረንጅ አራዳው፦

ይህን ክር ከከፈትኩ አምስት ቀን ሆነው። ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።

ትናንት ጠዋት ወረድኩ። ብርድ ነው፣ ጉሙ ከቦዬ ረግረግ በኩል ተነስቶ ሜዳውን ሸፍኖታል፣ የሩቁ ጎል አይታይም። አራት ልጆች ነበሩ። 10 ቁጥሩ አንድ ጊዜ ነክቶ ይለቃል፣ ልጁ ይሮጣል። መጀመሪያ አልተገናኙም፣ ስድስት ሰባቴ ኳሷ ጉሙ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ከዚያ 10 ቁጥሩ "ስትነሳ ስሜን ጥራ" አለው። ልጁ አፈረ። ደግሞ ሞከሩ፣ በጣም ቀስ ብሎ ጠራው፣ ሁላችንም ሳቅን። አሥራ ምናምነኛው ላይ ገጠመላቸው። ኳሷ ከፊቱ አረፈች፣ እሱም ሳያቆማት ወደ ኋላ መሬት ለመሬት ሰጠ። ጋሽ ኮቺ ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ስቶፑ ግን አሁንም ያው ነው፣ ትሸሸዋለች። ያኔ የጋሼ ጥያቄ ትዝ አለኝና ሲጨርሱ ታኬታህን አሳየኝ አልኩት። የታላቅ ወንድሙ ነው። 43 ቁጥር። የሱ እግር 41 ነው። ጫፉ ላይ ካልሲ ጠቅጥቆበታል፣ ካልሲው ውሃ ጠጥቶ ኪሎ ይሆናል። ጥርሱም ከስር ተበልቶ ሙልጭ ብሏል፣ የጣት ጥፍር ያህል ቀርቶታል። በዚህ ነው ቅዳሜ ዘጠና ደቂቃ የሮጠው፣ እኔ ደግሞ ደብተር ይዤ ስፈርድበት ነበር።

ሰልቫጅ ተራ ዞሬያለሁ። ያገኘሁት 41 ለደረቅ ሜዳ የሚሆን ትንንሽ ጥርስ ያለው ነው፣ ጭቃ ላይ ዋጋ የለውም። ባለ ስድስት ጥርሱን ነው የምንፈልገው። ያለው ሰው ወይም መርካቶ የት ጋ እንዳለ ያየ ካለ እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ፣ ገንዘቡን እኛ አዋጥተናል።

ጋሽ ኮቺ፦

41 ባለ ስድስት ጥርስ የልጄ አለ፣ ሁለቴ ነው የተደረገው። ነገ ከልምምድ በኋላ ልጁን ይዘህ ቤት ና። ቁርስ ሳትበሉ ኑ።